«ስንት ዓመት ስቀባው የኖርኩት ነው!» — የፀጉር ቀለም ቆዳችን ላይ የሚሠራው ሥራ

አክስቴ ሽበት የጀመራት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነው። በየወር ተኩሉ መታጠቢያ ቤት ትገባና አሮጌ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥቁሩን ዱቄት በፕላስቲክ ሳህን በጥብጣ ትቀባለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ አሳክኳት አያውቅም። የታናሽ እህቴ ሰርግ እሁድ ሊሆን፣ ዓርብ ማታ እንደ ልማዷ ልትቀባ ስትሰናዳ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የካርቶኑን ወረቀት አነብ ነበር።

«አክስቴ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ቆዳሽ ላይ ሞክሪው ይላል እኮ» አልኳት።

«ተይኝ ባክሽ ልጄ፣ ስንት ዓመት ስቀባው የኖርኩት ነው!» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጆሮዋ ጀርባ ያሳክካት ጀመር። ማታ ላይ ጆሮዎቿ ቀልተው ውሃ ቋጠሩ፣ የግንባሯም ዳር ዳሩ ተቆጣ። እሁድ ሲነጋ የሁለቱም ዐይኖቿ ሽፋን አብጦ አልገለጥ አለ። እህቴ በሽማግሌ እየተመረቀች ከቤት ስትወጣ አክስቴ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መርፌ እየተወጋች ነበር። የመረመራት ሐኪም ፊቷን አይቶ መጀመሪያ የጠየቃት «ፀጉርዎን መቼ ነው የተቀቡት?» ብሎ ነው።

አክስቴ የተናገረችውን ቃል ቡና ላይም፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ስንጠብቅም፣ ባሕር ማዶ ካሉ እህቶቻችን ጋር በስልክ ስናወራም እሰማዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ ያልጎዳን ቀለም ነገም አይጎዳንም የሚል ዋስትና የለም። እንዲያውም ይህ አለርጂ ብዙ ጊዜ የሚነሣው መቀባት በለመደ ሰው ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቀለሙ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

ቀለሙ ፀጉር ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?

አንድ ዘለላ ፀጉር በዐይን ሲታይ ወጥ ክር ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ውጩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተለበጠ ነው። ፀጉራችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ያለው ከዚያ ቅርፊት ሥር ነው። ሽበት ማለት አዲስ የሚያድገው ፀጉር ሜላኒኑን ሳይዝ መውጣቱ ነው። ከቅርፊቱ በላይ የተቀባ ቀለም በጥቂት እጥበት ይለቃል። የማይለቅ ቀለም የፈለገ ሰው ቅርፊቱን አሳልፎ ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ቋሚ የሚባለው ቀለም ይህን የሚያደርገው በሁለት ነገሮች ቅልቅል ነው። አንደኛው ክሬሙ ነው። በውስጡ ገና ቀለም ያልሆኑ እጅግ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ፓራ-ፌኒሊንዲያሚን ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም በአጭሩ ፒፒዲ እንበለው። ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ነው። ክሬሙ ውስጥ ያለው አሞኒያ ቅርፊቱን አሳብጦ ይከፍተዋል፣ ፒፒዲው ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ ይገባል፣ ፔሮክሳይዱ ደግሞ ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ያያይዘዋል። ሲያያዙ ይተልቃሉ፣ ቀለምም ይሆናሉ፣ በገቡበት ቀዳዳ መውጣትም ያቅታቸዋል። ተፈታቶ በጠባብ በር ገብቶ ክፍሉ ውስጥ የተገጣጠመ ቁም ሣጥን አስቡ፤ ካልፈታችሁት በስተቀር በዚያ በር አይወጣም።

በውሃ ብቻ የሚበጠበጠው ዱቄትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዱቄቱ ውስጥ ውሃ ሲነካው ፔሮክሳይድ የሚለቅ ጨው አለበት። ስለዚህ «ውሃ ብቻ ነው የምጨምርበት» ማለት ኬሚካል የለበትም ማለት አይደለም። «አሞኒያ የለውም» የሚለው ጽሑፍም ብዙ ሰው ያታልላል። አሞኒያው ሽታው በማይከብድ ሌላ ነገር ይተካል እንጂ ፒፒዲው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው ያለው። ዐይንና አፍንጫ የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው፤ ፊት የሚያሳብጠው አለርጂ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከፒፒዲና ከዘመዶቹ ነው። የማይሸት ቀለም የማይጎዳ መስሎ የሚታየን ሁለቱን ስለምናምታታ ነው።

ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዥን ሹለር እ.ኤ.አ. በ1907 የፀጉር ቀለም ቀምሞ ለፓሪስ ፀጉር ሠሪዎች ይሸጥ ጀመር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሎሬያል የሚባለው ነው። እስከ ዛሬም ሽበትን አጥብቆ የሚይዙት አብዛኞቹ ቋሚ ጥቁር ቀለሞች የቆሙት በፒፒዲና በዘመዶቹ ላይ ነው። ቀለሙ በጠቆረ መጠን ደግሞ በውስጡ ያለው መጠን ይጨምራል። የእኛ ሰው ደግሞ በብዛት የሚቀባው ድፍን ጥቁሩን ነው።

ሰውነት የሚመዘግበው ጠላት

ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ቢቆረጥ አያመው፣ ቢቀባ አይቆጣም። ቆዳ ግን ዘበኛ አለው። ፒፒዲ ወደ ቀለምነት ሲለወጥ በመካከል የሚፈጠሩ ንጥረ ነገሮች ቆዳችን ውስጥ ገብተው ከሰውነታችን ፕሮቲን ጋር ይለጠፋሉ። የመከላከያ ሕዋሳት ያን የተለወጠ ፕሮቲን ሲያዩ «ይህ ባዕድ ነው» ብለው መልኩን ይመዘግባሉ። በዚያን ቀን ምንም የሚታይ ነገር የለም። አያሳክክም፣ አያብጥም። ምዝገባው ሲያልቅ ግን ቀጥሎ ያ ነገር ቆዳ በነካ ጊዜ ዘበኞቹ ተጠራርተው ይወጣሉ። የምናየው ማበጥ፣ መቅላትና ውሃ መቋጠር የእነሱ ጦርነት ነው።

አንዳንዱ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይመዘገብበታል፣ አንዳንዱ ሃያ ዓመት ተቀብቶ ምንም አይሆንም፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ አክስቴ በአሥረኛው ዓመት ይያዛል። በተቀባች ቁጥር ሰውነቷ የመመዝገብ ዕድል እያገኘ ነበር ማለት ነው። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሁለት ዓመት አርፎ መመለስ አያስረሳውም። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንዴ ትንሽ አሳክኮት «ጭንቅላቴን ቧጥጬው ነው» ብሎ ያለፈ ብዙ ሰው ስለማውቅ ነው። ያ ትንሽ ማሳከክ የመጀመሪያው ደወል ሊሆን ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው መዘግየቱ ነው። ዘበኞቹ እስኪሰባሰቡ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ምልክቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ውስጥ ነው። ደግሞም የራስ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ እሱ ደህና መስሎ ስሱ ቆዳ ይጠቃል፦ የዐይን ሽፋን፣ ጆሮ፣ ግንባር፣ ማጅራት። ቅዳሜ ተቀብቶ ሰኞ ዐይኑ ያበጠ ሰው ቀለሙን አይጠረጥርም። ምች ነው ይልና ዳማከሴ ይታሻል፤ የበላው ምግብ ነው ይልና ሽሮውን ይተዋል፤ ወር ተኩል ሲሞላም ያንኑ ቀለም ይበጠብጣል።

ጺማቸውንና ሪዛቸውን የሚቀቡ ወንዶችም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ቀለሙ በቀጥታ ፊት ላይ፣ ብዙ ጊዜም አዲስ በተላጨ ቆዳ አጠገብ ነው የሚያርፈው። ከንፈርና አገጭ አብጦ የመጣ ወንድ ጥርሴ ነው ብሎ ቢመጣ አይገርምም።

የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ አንድ አለርጂ አምጪ ነገር እየመረጠ ትኩረት እንዲሰጠው ያደርጋል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የመረጠው ፒፒዲን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከፔሮክሳይዱ ጋር ተቀላቅሎ ራስ ላይ ሲደርስ ፒፒዲው ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳልታሰበ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍም ያዝዛል። ለትምህርት ቤት በዓል ብለው የልጆቻቸውን ፀጉር ቋሚ ቀለም የሚቀቡ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት።

ጥቁር ሒና የሚባለው

ሒና ቅጠል ነው። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አፋርና ሶማሌ ያሉ እናቶች ከጥንት ጀምሮ እጅና ፀጉር ያስጌጡበታል፤ ደገኞቹ እናቶቻችንም የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታል። ልብ በሉ፦ ሁለቱም የሚሰጡት ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ቀለም ነው። ንጹሕ ሒና በራሱ ድፍን ጥቁር አይሆንም። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደ ቀለም እስክሪብቶ የጠቆረ «ሒና» ካያችሁ አንድ ነገር ተጨምሮበታል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚጨመረው ፒፒዲ ነው፤ ያውም ማንም መጠኑን ሳይለካው።

ይህ ለሁለት ምክንያት ያሳስበኛል። አንደኛ፣ በዐረብ አገር ሰርግና ዒድ፣ በባሕር ዳርቻ መዝናኛም ሕፃናት ሳይቀሩ በጥቁር ሒና እጃቸው ይሣላል። አንዳንዱ ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥዕሉ በነበረበት መስመር ልክ ቆዳው ያብጣል ወይም ነጣ ብሎ ይቀራል። ያ ልጅ አድጎ በሃያ ዓመቱ ፀጉሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀባ ሰውነቱ ቀድሞ የመዘገበው ስለሆነ በመጀመሪያው ቅብ ክፉኛ ሊመታ ይችላል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተቀባሁት፣ እንዴት አለርጂ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ንጹሑ ሒናም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሕፃናት ሒና ሲቀቡ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈራርስ ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ሒና ባይቀባ ይሻላል።

ዐይን አጠገብ አይደርስም

ቅንድብን በተረፈው የፀጉር ቀለም ነካ ነካ ማድረግ በየቤቱና በየፀጉር ቤቱ የሚደረግ ነው። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። በ1933 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል ሽፋሽፍት ማጥቆሪያ ገበያ ላይ ነበር። የፒፒዲ ወገን የሆነ ኬሚካል ነበረበት። የተጠቀሙ ሴቶች ዐይናቸው ቆሰለ፤ የታወሩ አሉ፤ የሞተችም አለች። በጊዜው የነበረው ሕግ መዋቢያን ስለማይመለከት መንግሥት ዕቃውን ከገበያ ማንሣት አልቻለም። እንዲህ ያሉ ጉዳቶች ባስነሡት ቁጣ በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ። ይሁንና በዚያው ሕግ የፀጉር ቀለም ልዩ ቦታ ተሰጠው፦ ቆዳ ላይ ቀድሞ ሞክሩ፣ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አትጠቀሙ፣ ሊያሳውር ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ከጻፈ መሸጥ ይችላል ተባለ። ዛሬ የምንጥለው ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ያ ማስጠንቀቂያ ከእነዚያ ሴቶች ዐይን የመጣ ነው።

ሙከራው እንዴት ይደረጋል?

ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ይጀመራል። ሰርግ እሁድ ከሆነና ዓርብ ልትቀቡ ካሰባችሁ ሙከራው ረቡዕ ነው። ከጆሮ ጀርባ ወይም ከክንድ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ያለውን ቆዳ አጥባችሁ አድርቁ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ተከትላችሁ ትንሽ ቀለም፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ነጥብ፣ ቀቡ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና ከፔሮክሳይዱ ጋር ይቀላቀል አይቀላቀል እንደየምርቱ ስለሚለያይ ወረቀቱን አንብቡ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቁ፤ ሁለት ሰዓት አይበቃም፣ ዘበኞቹ የሚዘገዩ ናቸውና። ቦታው ካሳከከ፣ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ያ ቀለም ለእናንተ አይደለም።

ሙከራው ፍጹም ነው አልልም። በትንሽ ነጥብ ያልተገለጠ አለርጂ ራስ ሙሉ ሲቀባ ሊወጣ ይችላል። ቢሆንም ብዙ ሰው ከድንገተኛ ክፍል ያተርፋል። በየጊዜው መደገም አለበት፤ ያው ምርት፣ ያው ቁጥር ቢሆንም። አምራቹ ቅመሙን ሳያስታውቅ ሊቀይር ይችላል፣ የእናንተም ሰውነት ካለፈው ወር ወዲህ መዝግቦት ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ አለርጂ የሆነበት ሰው፣ በጥቁር ሒና የቆሰለ ሰው፣ ወይም ቀለም ተቀብቶ ፊቱ ያበጠ ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ መሞከር የለበትም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጀርባው ላይ በሚለጠፍ ሙከራ ማረጋገጥ ይሻላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

የተቀቡ ዕለት

ራስ ላይ ቁስል፣ ጭረት ወይም ፎረፎር ሲቧጠጥ የተላጠ ቦታ ካለ ቀኑን አሳልፉ። ፀጉራችሁን በዋዜማው እንጂ በዕለቱ አትታጠቡ፤ የራስ ቆዳ የራሱ ቅባት ትንሽም ቢሆን ይከላከልለታል። ግንባር፣ ጆሮና ማጅራት ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ጓንት አድርጉ፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ስስ ጓንት ከተቀደደ በሌላ ቀይሩት። መስኮት ክፈቱ።

መበጥበጫው የፕላስቲክ ወይም የሸክላ ይሁን፤ ብረት ከፔሮክሳይድ ጋር አይስማማም። የተበጠበጠውን ወዲያው ተጠቀሙና የተረፈውን ድፉት። ክዳን ገጥሞ ለሚቀጥለው ማስቀመጥ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ ቀለሙ ኃይሉን ያጣል፣ ከፔሮክሳይዱ የሚወጣው ጋዝም የተዘጋውን ዕቃ ሊያፈነዳው ይችላል። ሰዓቱን በስልክ ሙሉ። «ጥሩ አድርጎ እንዲይዝልኝ» ብሎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ቀለሙን አያሻሽለውም፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረው ቆዳ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ሲያልቅ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ እጠቡት።

ደግሞ ሁልጊዜ ራስ ሙሉ መቀባት ለምን አስፈለገ? ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሥሩን ብቻ መቀባት ቀድሞ የተቀባውን ፀጉር ደጋግሞ ከማድረቅ ያድናል። ከቆዳ ጥቂት ርቆ ከሚጀምር ስልት፣ ለምሳሌ ጥቂት ዘለላ ብቻ ከመቀባት፣ የሚመጣው ንክኪም ያንሳል። ይህን ፀጉር ሠሪዎቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።

ፀጉሩን በሪላክሰር ያለሰለሰ ሰው በዚያው ሳምንት ቀለም መጨመር የለበትም። ሪላክሰር የፀጉሩን የውስጥ ማሰሪያ የሚፈታ ኃይለኛ ነገር ነው፤ የራስ ቆዳንም ያቃጥላል። በላዩ ቀለም ሲመጣ ፀጉሩ እንደ ደረቅ ጭድ ይሰበራል፣ ቀለሙም በተቃጠለው ቆዳ በኩል ይበልጥ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ተቋም በመካከላቸው ቢያንስ 14 ቀን ይለፍ ይላል። ጥቁር ፀጉርን ወደ ወርቃማ ለመለወጥ መጀመሪያ ማንጣት ያስፈልጋል፤ ያ የማንጫ ዱቄት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ብናኙም አስም ያስነሣል። በራሴ ፍርድ፣ ማንጣትን እቤት ከሚሠሩት ነገሮች አስወጥቼዋለሁ።

ካንሰርስ?

ብዙ ሴቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁት ይህን ነው። መልሱን ሳላስፈራራም ሳላድበሰብስም ልናገር።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ነገሩን በሁለት ከፍሎ ነው ያየው። ቀኑን ሙሉ በቀለም መካከል የሚውሉ የፀጉር ባለሙያዎች ሥራ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ የሚገመት» በሚለው ምድብ ውስጥ ገብቷል። ለራሱ የሚቀባን ሰው በተመለከተ ግን ያለው ማስረጃ ለመፍረድ አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ከእኛ ይልቅ ያለ ጓንት ቀኑን ሙሉ የምትቀባን ልጅ ነች የምታሳስበው። ፀጉር ቤት ስትገቡ ጓንት አድርጊ በሏት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጥተዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት 46,709 ሴቶችን ተከታትሏል፤ ሁሉም እህታቸው የጡት ካንሰር የያዛት ናቸው። ቋሚ ቀለም ይቀቡ የነበሩት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተቀቡት 9 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በጥቁር ሴቶች ዘንድ ጭማሪው 45 በመቶ፣ በየ5 እስከ 8 ሳምንቱ ወይም ከዚያም አዘውትረው በሚቀቡት ጥቁር ሴቶች ደግሞ 60 በመቶ ደረሰ። በየጊዜው የሚለቀው ቀለም ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት 117,200 የአሜሪካ ነርሶችን 36 ዓመት ተከታትሎ በአብዛኛው የካንሰር ዓይነት ላይ ጭማሪ አላገኘም፤ በጥቂት የጡት ካንሰር ዓይነቶች፣ በማሕፀን እንቁላል ካንሰርና በአንድ የቆዳ ካንሰር ላይ ግን ትንሽ ከፍ ማለት አይቷል። እነዚህ ነርሶች በአብዛኛው ነጮች ነበሩ።

ቁጥሩን ስናነብ እንዳንደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። 9 በመቶ ጭማሪ ማለት ከመቶ ሴት ዘጠኟ ታመመች ማለት አይደለም። ከመቶ ሴት አሥሯ የሚታመሙ ቢሆን ጭማሪው ቁጥሩን ወደ አሥራ አንድ ግድም ያደርሰዋል ማለት ነው። 45 በመቶ ሲሆን ግን አሥሩ ወደ አሥራ አራት ተኩል ይጠጋል፤ ይህን ችላ ማለት አልችልም። እንዲህ ያለ ጥናት ቀለሙ ራሱ አመጣው ብሎ መማል አይችልም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይህን ነው፦ በየወሩ ከመቀባት በየሁለት ሦስት ወሩ መቀባት፣ ከድፍን ጥቁር ቡናማ መምረጥ፣ በቤተሰብ የጡት ካንሰር ካለ ደግሞ ለሐኪም መናገር።

እርጉዝ ለሆነች እህት ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ብዙም አያስጨንቅም። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ 12 ሳምንት፣ እስኪያልፉ መታገሥ የተለመደ ምክር ነው። በዚያ ወቅት በሻሽ ወይም በነጠላ መሸፈን ይቻላል።

ቢዋጥስ?

በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የፀጉር ቀለም ሲዋጥ ገዳይ መርዝ ነው። በሱዳን፣ በሞሮኮ፣ በሕንድና በፓኪስታን ሐኪሞች ለአሠርት ዓመታት ያዩት ጉዳት ነው፤ ፊትና አንገት አብጦ የመተንፈሻ መንገድ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ሽንት እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ኩላሊት ይደክማል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት መተንፈሻውን መክፈትና ኩላሊቱን መታደግ ነው።

ስለዚህ ቀለም ከልጆች እጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። የተበጠበጠ ቀለምም ሆነ ፔሮክሳይድ በሃይላንድ ጠርሙስ በፍጹም አይገልበጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። አንድ ሰው ቢውጠው ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አታባክኑ። ካርቶኑን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። አሁን ደህና ነኝ ቢልም ይሂድ።

ቆዳ ላይ የመጣ አለርጂ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፀጉሩን በለብ ያለ ውሃና ሻምፖ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ቀላል ማሳከክን ፋርማሲ የሚሸጠው የአለርጂ መድኃኒት ሊያስታግሠው ይችላል። ዐይን ካበጠ፣ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምላስና ከንፈር ካበጠ፣ ራስ ካዞረ ደቂቃ መጠበቅ አይገባም።

አክስቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊቷ ተመለሰ። የቆዳ ሐኪሙ ጀርባዋ ላይ ሞክሮ ፒፒዲ መሆኑን አረጋገጠላት፤ ከፒፒዲ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ነገሮች እንዳሉም ነገራት፣ ከእነሱም አንዱ ቤንዞኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ነው። በብጣሽ ወረቀት የሁለቱንም ስም ጻፈላት፣ ከፒፒዲው ሥር ካርቶን ላይ ብታየው እንድትለየው 76060 የሚለውን የቀለም ቁጥር ጨመረበት። ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍና ከመታወቂያዋ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ባለፈው ሳምንት ጥርሷን ልትነቀል ስትሄድ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት አውጥታ ለሐኪሟ አሳየቻት። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ ፊት ለፊቱ ነጭ፣ ኋላው ጥቁር ነው።